ከመንቀላችሁ በፊት መደቡን አንብቡት

(ጓሮ አትክልት ለሚያለሙ ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ስለ መዝራት ሁሉም ሰው ያወራል። የመጀመሪያው ቲማቲም ሲቀላ ደግሞ ሁላችንም ፎቶ እናነሳለን። የቲማቲሙ የታች ቅጠል ቢጫ ሲሆን፣ ዝኩኒው ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ሲመስል፣ ሰላጣው አንገቱን አስረዝሞ ማበብ ሲጀምር ግን ፊታችንን እናዞራለን። ወይ ጓሮውን እንዳለ ጥለነው እንገባለን፣ ወይ አንድ ቀን ጠዋት ተነስተን ያለውን ሁሉ ነቅለን፣ ጠርገን፣ "እፎይ" ብለን እጃችንን እንታጠባለን።

ሁለቱንም አድርጌ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ቲማቲም ሦስት ዓመት ተከታትዬ እዚያው መደብ ላይ ተከልኩ። ሆን ብዬ አይደለም። አምና የተከልኩት ወዲያ ጥግ ነበር ብዬ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ ተክሎቹ ገና ፍሬ ሳይዙ ከአንድ ጎን ጀምረው መጠውለግ ያዙ። ውሃ ጨመርኩ፣ ፍግ ጨመርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ አንድ የድሮ ፎቶ ሳገላብጥ ነው ነገሩ የገባኝ፤ በፎቶው ላይ ቲማቲሙ እዚያው፣ ያው አጥር ሥር ቆሟል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ለራሴ ወሰንኩ፣ ዛሬም እናንተን የምለምናችሁ እሱኑ ነው። ከመንቀላችሁ በፊት አንብቡ። ጓሮ ስለ ራሱ ብዙ የሚናገረው መጨረሻው ላይ ነው። የበሽታውን ምልክት፣ የሥሩን ቅርጽ፣ የቱ ጥግ ጥላ እንደበዛበት፣ የቱ ተክል እንደበረታ፣ ሁሉንም እዚያው ተሸክሞ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ጠርጋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የምትጠይቁት ነገር አይኖርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ዶማ አይደለም፤ ደብተርና እርሳስ ነው።

ሥዕል መቻል አያስፈልግም። አራት ማዕዘን ሣሉ፣ መደቦቹን አስቀምጡ፣ በየመደቡ ምን እንደቆመ ጻፉ። ሰሜን ወዴት እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በየተክሉ አጠገብ ቆማችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ መቼ ተተከለ፣ መቼ መለቀም ጀመረ፣ ቤት ውስጥ ተበልቷል ወይስ ለጎረቤት ተርፎ ተሰጠ። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። ስምንት የዝኩኒ ተክል ተክሎ የሁለቱን ብቻ የበላ ቤተሰብ የስድስቱን ቦታ፣ ውሃና ድካም ለምን እንዳወጣ ማወቅ አለበት። መስጠት ደስ ይላል፣ እሱን አልቃወምም፤ ግን በዚያው ቦታ ሁልጊዜ የሚያልቅባችሁ ካሮት ሊበቅል ይችል ነበር።

ቀኑን ካላስታወሳችሁ ስልካችሁን ክፈቱ። ፎቶዎቻችሁ ቀን አላቸው። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው የጓሮውን መዝገብ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው።

አሁን ገና ፍሬ ስለያዙት ተክሎች ላውራ፤ ማብቂያው የሚጀምረው ከእነሱ ነውና። ቲማቲም አበባው ከተዳቀለ በኋላ ቀይ ፍሬ ለመሆን ከ40 እስከ 50 ቀን አካባቢ ይፈልጋል። ብርዱ ወይም ድርቁ ወይም ከባዱ ዝናብ፣ በእናንተ ዘንድ ወቅቱን የሚዘጋው ምንም ይሁን ምን፣ ሊመጣ 5 ሳምንት ከቀረው ዛሬ የሚያብበው አበባ አይደርስም ማለት ነው። አይደርስም። ተክሉ ግን ይህን አያውቅም፤ ጉልበቱን ለአዲስ አበባና ለአዲስ ቅርንጫፍ ማዋጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ጫፉን ቁረጡት። አዳዲሶቹን አበቦችም አንሱ። ያኔ ያለው ጉልበት ቀድሞ ወደተያዘው ፍሬ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ እጅ እምቢ ይላል፣ አበባ መቁረጥ ሆድ ያስብሳል። አንድ ጊዜ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ግን አትጠራጠሩም።

ወደ መንቀሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ትልቁ ንባብ ያለው ከአፈር በታች ነው።

ተክሉን ስትነቅሉ ወዲያው ወደ ክምሩ አትወርውሩት። አራግፉት፣ ሥሩን ወደ ብርሃን አዙሩና እዩት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ ብዙ ቀጫጭን ፀጉር የመሰለ ነገር አለው፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም ተዘርግቷል። ሥሩ እስከ አንድ ጥልቀት ወርዶ ድንገት ወደ ጎን ከታጠፈ እዚያ ጋ የጠጠረ አፈር አለ ማለት ነው። ከላይ ምን ያህል ብትኮተኩቱ፣ ያ የጠጠረ ንብርብር እስካለ ተክሉ ምንቸት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ነው የሚኖረው። እዚያች ቦታ ላይ በደብተራችሁ "ጠጣር" ብላችሁ ጻፉ።

ሥሩ ላይ እብጠት ካያችሁ ደግሞ ረጋ ብላችሁ ለዩ። የባቄላ፣ የአተር፣ የፎሶሊያ ሥር ላይ ትናንሽ ክብ ነገሮች ተለጥፈው ይታያሉ። እነዚህ በሽታ አይደሉም። ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ የሚያቀርቡ ባክቴሪያዎች ቤታቸው ነው። በጣት ስታሿቸው በቀላሉ ይወድቃሉ፤ በሥራ ላይ ያለውን ሰንጥቃችሁ ብታዩት ውስጡ ወደ ሮዝ ያደላል። የቲማቲም፣ የዱባ ወይም የካሮት ሥር ራሱ እንደ መቁጠሪያ እየተቋጠረ ካበጠና እብጠቱ በእጅ አልላቀቅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የኔማቶድ ሥራ ነው። ኔማቶድ በዓይን የማይታይ፣ አፈር ውስጥ የሚኖር ቀጭን ትል ነው። ሥሩ ውስጥ ገብቶ የተክሉን ምግብ ይጋራል፤ ተክሉ ውሃ እየጠጣ በቀትር ይጠወልጋል። የጎመን ሥር እንደ ጣት ወፍሮና ተጣሞ ከመጣ ደግሞ እሱ ጎመንንና ዘመዶቹን ብቻ የሚያጠቃ ሌላ በሽታ ነው፤ በሽታ አምጪው አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህን ያየ ሰው እዚያ መደብ ላይ ጎመንን ለብዙ ዓመት መርሳት አለበት። አፈሩም አሲድ የበዛበት ከሆነ ኖራ ይፈልጋል፤ ያ በሽታ አሲዳማ አፈር ይወዳል።

አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጠውልጎ የሞተ ቲማቲም ካለ ከሥሩ ከፍ ብላችሁ ግንዱን ለርዝመቱ ሰንጥቁት። ከልጡ ሥር ቡናማ መስመር ካለ ውሃ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ፈንገስ ዘግቷቸዋል ማለት ነው። የእኔ ሦስተኛ ዓመት ቲማቲሞች እንደዚያ ነበሩ። ያ ፈንገስ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ ርጭት አይደርስበትም። የሚያዋጣው ቦታ መቀየርና በሽታውን የሚቋቋም ዘር መፈለግ ነው። የቲማቲም ዘር ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ከስሙ ቀጥሎ የላቲን ፊደላት አይታችሁ ይሆናል፤ ቪ፣ ኤፍ፣ ኤን ይላሉ። ለጌጥ አይደሉም። ቪ ቨርቲሲሊየም የሚባለውን ጠውላጊ በሽታ፣ ኤፍ ፉዛሪየም የሚባለውን፣ ኤን ደግሞ ኔማቶድን የሚቋቋም ነው ለማለት ነው። አሁን ሥሩን ያየ ሰው ለሚቀጥለው ወቅት የትኛውን ፊደል እንደሚፈልግ ያውቃል። ጥሎ የጠረገ ሰው ግን ደመ ነፍሱን ይገዛል።

ጤነኛ የሆኑትን ጥራጥሬዎች ግን አትንቀሏቸው። ከመሬት ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡና ሥሩን እዚያው ተዉት። እውነቱን ለመናገር ፍሬውን ሙሉ በሙሉ ለቅማችሁ ከሆነ አብዛኛው ናይትሮጅን ከፍሬው ጋር ሄዷል፤ ሥሩ ብቻውን አፈሩን ያበለጽጋል ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ። ቢሆንም የሚበሰብሰው ሥር ለውሃና ለአየር መንገድ ይከፍታል፣ የምድር ትሎችም ይወዱታል።

ቅሪቱ የት ይሂድ? እዚህ ላይ ቸርነት አያስፈልግም። ጤነኛው ወደ ብስባሽ ክምር ይግባ። የታመመው አይግባ። ክምር ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለቀናት ከቆየና እየተገለበጠ ውጪው ወደ ውስጥ ከገባ ብዙ በሽታና ብዙ የአረም ዘር ይገድላል። ግን እንዲህ የሚሞቀው ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ እርጥብና ደረቁ የተመጣጠነ ክምር ነው። የአብዛኛዎቻችን ክምር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጨመርበት ቀዝቃዛ ክምር ነው። ቀዝቃዛ ክምር ያበሰብሳል እንጂ አይገድልም። በሽታውን ዘንድሮ አስገብታችሁ ለከርሞ በእጃችሁ መልሳችሁ ትበትኑታላችሁ። ዘር የያዘ አረምም እንደዚያው ነው።

ድንችን ለብቻው ልናገር። ድንች ስትቆፍሩ ትንንሾቹን "ይቅሩ" ብላችሁ አትተዉ። ሌት ብላይት የሚባለው ድንችንና ቲማቲምን በቀናት ውስጥ የሚያጠቁር በሽታ ሕያው የድንች ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ወደ ሚቀጥለው ወቅት ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ውስጥ የጀመረው ያ አስከፊ ረሃብ መነሻው ይኸው በሽታ ነበር። መሬት ውስጥ ተረስቶ በራሱ የበቀለ ድንች ስታዩ "ነፃ ምርት" አትበሉት። ቀድሞ የሚታመመው እሱ ነው፣ ከእሱም ወደ ሌላው ይሻገራል። ቆፍራችሁ አውጡት።

ስለ ማከማቸት በአጭሩ ልለፍ፤ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚሆን። ሽንኩርት አንገቱ እስኪደርቅ ድረስ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ሳምንት ይሰጣ። ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ አረንጓዴ የሆነው ሶላኒን የሚባል መርዝ አዳብሯል፣ አትብሉት። ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጡ። ዱባ ስትቆርጡ 5 ሴንቲሜትር ያህል እጀታ ተዉለት፣ በእጀታው ግን አንጠልጥላችሁ አትሸከሙት፤ እጀታው ከተገነጠለ ቁስሉ ላይ ይበሰብሳል። አረንጓዴ ቲማቲም ደግሞ ለመቅላት ፀሐይ አያስፈልገውም፤ ይህን ብዙ ሰው አያምነኝም። የሚያስፈልገው ሙቀት ነው፣ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ አካባቢ። በአንድ ንብርብር ደርድሩት፣ መሐሉ አንድ የበሰለ ሙዝ አስቀምጡ። ሙዙ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ እሱ መብሰሉን ያፋጥነዋል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ ጣዕሙ ይሞታል።

አሁን ባዶ መደብ አላችሁ። ባዶ አትተዉት።

ባዶ አፈር ላይ የምትወድቅ የዝናብ ጠብታ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን እያንዳንዷ ጠብታ የአፈሩን ፍርክስክስ እየመታች ታደቀዋለች፤ ደቃቁ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሲደርቅ ላዩ እንደ ቅርፊት ይሆናል፤ የሚቀጥለው ዝናብ ደግሞ መግቢያ ስላጣ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ፀሐይ ከበዛም እንዲሁ፤ በላይኛው ንብርብር ያሉት ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይሞታሉ ወይም ወደ ታች ይሸሻሉ። ስለዚህ ሸፍኑት። የደረቀ ቅጠል፣ ገለባ፣ ዘር ያልያዘ ሣር፣ ያገኛችሁትን ጎዝጉዙ። ከሽፋኑ ሥር ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር የበሰለ ብስባሽ አልብሱት። ወደ ውስጥ መቆፈር አያስፈልግም፣ ትሎቹ ያስገቡታል። ቻርልስ ዳርዊን በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት ያጠናው የምድር ትልን ነበር፤ እነዚህ ዝምተኛ ፍጥረታት የመሬቱን ላይ ሙሉ በሙሉ በሆዳቸው እያሳለፉ እንደሚገለብጡት እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው ሥራው አሳይቷል። እኛ የምናደርገው ቢኖር ምግባቸውን ላያቸው ላይ አስቀምጠን ከመንገዳቸው ዞር ማለት ነው።

ከቻላችሁ ሕያው ሽፋን ደግሞ ይበልጣል። ለመብል ሳይሆን ለአፈሩ ተብሎ የሚዘራ ነገር፤ አጃ፣ ጓያ የመሰሉ ጥራጥሬዎች፣ ክሎቨር (ማገጥ)። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ጥራጥሬው ናይትሮጅን ይጨምራል፣ አረሙም ቦታ ያጣል። ይህን ጊዜ ፍሬውን ስለማትለቅሙት ናይትሮጅኑ እዚያው ይቀራል፤ ልዩነቱ እሱ ላይ ነው። ማበብ ሲጀምር፣ ዘር ሳይይዝ ቁረጡት፣ ከዚያ ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት። ሰናፍጭም ለዚህ ይዘራል፤ ግን ሰናፍጭ የጎመን ዘመድ ነው፣ ያ የሥር እብጠት ያለበት መደብ ላይ አትዝሩት።

ትኩስ ፍግ ያለው ሰው ጊዜው አሁን ነው። ትኩስ ፍግ ውስጥ ሰውን የሚያሳምም ተህዋስ ሊኖር ስለሚችል ከመበተኑ እስከ መልቀሙ ቢያንስ 120 ቀን ይለፍ፤ በተለይ እንደ ካሮትና ሰላጣ አፈር የሚነካውን ለምንበላው። በወቅቱ መሐል ይህን ያህል ቀን አይገኝም። ኖራ የሚጨምርም ሰው እንዲሁ፤ ኖራ ከአፈሩ ጋር ለመዋሃድ ወራት ይፈልጋል። ብቻ ሳትለኩ ኖራ አታድርጉ። አብዛኛው አትክልት የሚወደው ፒኤች (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ነው፣ እዚያ ውስጥ ከሆናችሁ ኖራ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ለምርመራ አፈር ስትወስዱ ከአንድ ቦታ ብቻ አትዝገኑ፤ ከብዙ ቦታ፣ እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ወስዳችሁ ቀላቅሉት። ፍግና ኖራንም በአንድ ቀን አታገናኙ፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበናል። ያ ሽታ ሲመጣባችሁ የሸተታችሁ ማዳበሪያችሁ ነው።

ስለ ዘር ልናገር፣ ይህን ሳላነሳ ብሄድ አልተኛም።

ከጓሮአችሁ ዘር መያዝ ትችላላችሁ፤ ግን ከሁሉም ተክል አይደለም። ቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ አተር፣ ሰላጣ ባብዛኛው አበባቸው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ልጁ እናቱን ይመስላል። ከእነሱ ጀምሩ። ዱባና ዝኩኒ ግን ንብ የምታመጣላቸውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ አጠገባቸው ሌላ ዓይነት ካለ ልጆቹ ምን እንደሚሆኑ አይታወቅም። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለጌጥ ከሚተከል ቅል መሰል ዘመድ ጋር ከተዳቀለ የሚወጣው ፍሬ መራራ፣ አንዳንዴም የሚመርዝ ሊሆን ይችላል። መራራ ዝኩኒ ከቀመሳችሁ ትፉት፣ "ምናልባት ሲበስል ይሻለዋል" አትበሉ። አይሻለውም፤ እሳት መራራውን አያጠፋውም። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሽንኩርት ደግሞ ዘር የሚሰጡት በሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ትዕግሥትና ቦታ ላለው ይቆዩ። ማሸጊያው ላይ ኤፍ 1 የሚል ካለ ዲቃላ ነው፤ የሱ ዘር ቢበቅልም እንደ እናቱ አይወጣም።

ከየትኛው ተክል ነው የምትይዙት? ከጤነኛው፣ ቀድሞ ካፈራው፣ ለእናንተ ከጣፈጠው። የተረፈውን፣ የኮሰሰውን አይደለም። ያየሁት የተለመደ ስሕተት ይህ ነው፤ ምርጡን እንበላና ማንም ያልፈለገውን ለዘር እንተዋለን። ምርጡ ላይ ክር እሰሩበት፣ ማንም እንዳይቆርጠው ለቤተሰቡ ንገሩ። ክሩ መታሰር ያለበት ደግሞ ተክሉ ገና በቆመበት ጊዜ ነው፤ ከነቀላችሁ በኋላ የቱ ከየቱ እንደሆነ አይለይም።

የቲማቲም ዘር ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቡኩት። ይሸታል፣ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ይጥላል፤ እንደዚያ መሆን አለበት። ያ ዝልግልግ ዘሩ እንዳይበቅል የሚከለክል ነው፣ ሲቦካ ይለቀዋል። ከዚያ ውሃ ጨምሩበት፣ ጥሩው ዘር ይሰምጣል፣ የሚንሳፈፈውን ድፉት። ሰሃን ላይ አድርቁት፤ ወረቀት ላይ ካደረጋችሁት ይጣበቃል። የፎሶሊያ ዘር ደግሞ ቅርፊቱ ውስጥ ሲንኳኳ እስኪሰማ ተክሉ ላይ ይቆይ። መድረቁን ለማወቅ አንዷን በመዶሻ ምቷት፤ ከተሰባበረች ደርቃለች፣ ከተጨፈለቀች ገና ናት።

ዘርን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እርጥበትና ሙቀት። የዘር ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ቀላል መመሪያ አለ። የዘሩ እርጥበት በ1 ከመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ወይም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በደንብ የደረቀ ዘር፣ ክዳኑ ግጥም በሚል ጠርሙስ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ። ስሙንና ዓመቱን ጻፉበት። "አልረሳውም" አትበሉ፤ የቃሪያ ዘርና የደበርጃን ዘር ከሁለት ወር በኋላ ማን ይለያል? የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አይታመንም። ካሮት ሦስት ዓመት ያህል፣ ጎመን አራት፣ ቲማቲምና ኪያር በደንብ ከተያዙ አምስትም ይደርሳሉ።

እቅዱስ? ደብተሩ ካለ እቅዱ ግማሹ ተሠርቷል። የምትጀምሩት ከቤተሰብ ነው፤ የተክል ቤተሰብ ማለቴ ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ደበርጃን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ሰናፍጭ አንድ ናቸው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ አንድ፣ ዱባ፣ ዝኩኒና ኪያር አንድ፣ ቆስጣና ቀይ ሥር አንድ። አንድ ቤተሰብ ወደ ቀድሞ መደቡ የሚመለሰው ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ቲማቲም የነበረበት ላይ ድንች መትከል ቦታ መቀየር አይደለም፤ በሽታው ሁለቱንም ያውቃቸዋል። አዲሱን ካርታ ከዘንድሮው ካርታ አጠገብ ሣሉት፣ ቤተሰቦቹን አዙሩ፣ "ጠጣር" ብላችሁ የጻፋችሁበትን መደብ በመንሽ ወይም በዶማ ከሥር ለማላላት መድቡ።

ከዚያ፣ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። መትከያ ቀናችሁን እወቁና ከዚያ ችግኙ የሚፈልገውን ጊዜ ቀንሱ። የቲማቲም ችግኝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፣ ዱባ 3 ይበቃዋል። ሰላጣን በአንድ ቀን 40 ችግኝ ከመትከል በየሁለት ሳምንቱ 10 መትከል ይሻላል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን አሁን ቀኑን በደብተር ካልጻፍነው ወቅቱ ሲመጣ ደስታው ይወስደንና ሁሉንም በአንድ ቀን እንተክለዋለን።

መሣሪያዎቻችሁን አትርሱ። አፈሩን አራግፉ፣ ብረቱን አድርቁ፣ እጀታውን የተልባ ዘይት ቀቡት። የመግረዣ መቀሱን በ70 ከመቶ አልኮል ጥረጉት፣ የታመመ ግንድ ቆርጣችሁበት ከሆነ በተለይ። ውሃ በረዶ በሚሆንበት አካባቢ የውሃ ማጠጫ ጎማውን አራግፋችሁ አስገቡ፤ ውስጡ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል።

አንድ ነገር ግን አትጥረጉ። ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ጠንካራ ግንዶችን፣ የደረቁ አበቦችን፣ በሽታ እስከሌለባቸው ድረስ፣ ከጥግ ላይ ጥቂት ተዉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ትንንሽ ንቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። እነዚህም በሚቀጥለው ወቅት አበቦቻችሁን ከሚያዳቅሉት መካከል ናቸው።

ንግግሩ ሲያልቅ ሁለት ጥያቄ ተነሳ፤ እዚህ ማስገባት ፈለግሁ።

አንዲት እናት "እኔ ያለኝ ሁለት መደብ ብቻ ነው፣ ወዴት ላዙረው?" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ሁለት መደብ ላይ የአራት ዓመት ዙር አይሠራም። እንደዚያ ሲሆን ቲማቲሙን አንድ ዓመት ትልቅ ባልዲ ወይም ጆንያ ውስጥ አዲስ አፈር አድርጎ መትከል ይቻላል፤ መደቡ ያርፋል። ኔማቶድ ካለና ሞቃት ወራት ካሉ ደግሞ መደቡን አርጥቦ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ሸፍኖ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ፀሐይ እንዲያበስለው መተው ነው። ጠቃሚውንም ጥቂት ይጎዳል፣ ስለዚህ ላስቲኩ ሲነሳ ብስባሽ ጨምሩበት።

አንድ ወጣት ደግሞ ያለፈው ዓመት ትርፍ ዘር እንዳለው ነግሮኝ "ልጣለው ወይስ ልዝራው?" አለኝ። ወንድሜ፣ ጠይቀው እንጂ አትገምት። አሥር ፍሬ ቁጠር፣ እርጥብ ወረቀት ውስጥ ጠቅልል፣ ላስቲክ ውስጥ አድርገህ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጥ። እንዳይደርቅ በየቀኑ እየው። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ክፈተው። ሰባትና ከዚያ በላይ ከበቀለ እንደተለመደው ዝራ። አምስት ከሆነ እጥፍ አድርገህ ዝራ። ሦስትና ከዚያ በታች ከሆነ አዲስ ግዛ፣ ለመግዛት ጊዜ አለህ። የበቀሉትንም አትጣላቸው፤ ጊዜው ከሆነ አፈር ውስጥ አስገባቸው።